ኮምቦልቻ ላይ ባለ 5 ቶን የጣሪያ ክሬን ሥሩልን አሉን፤ እንግባበት ወይስ ይቅርብን?

የቦርከና ብየዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ወንድሜ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለችን። በ2010 ስንጀምር አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ ግራይንደርና የአባታችን ግቢ ብቻ ነበር ያለን። በር፣ መስኮት፣ የሮቶ ማስቀመጫ፣ ያው እንደ ሁሉም ሰው። ከዚያ ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን ሞተር ማውጫ ሥሩልኝ አለን። አራት እግር ከነጎማው፣ ከላይ አግዳሚ፣ አግዳሚው ላይ ቼን ብሎክ (በሰንሰለት የሚያነሳው)። ሠራንለት። እሱን አይቶ ሌላው መጣ፣ ሌላውን አይቶ ደግሞ ሌላው።

አሁን በር መሥራት ትተናል ማለት ይቻላል። ዋናው ሥራችን 2 ቶን የሚያነሳ፣ 4 ሜትር ስፋት ያለው ተንቀሳቃሽ ማንሻና ለሳይት የሚሆን ዊንች ነው። ደሴ ላይ ፎቅ የሚሠሩት ኮንትራክተሮች ብሎኬትና አሸዋ የሚያወጡበትን ዊንች ከአዲስ አበባ ከማስመጣት ከእኛ መውሰድ ጀምረዋል፣ ምክንያቱም ሲበላሽ የሐረጎን ዳገት ወጥተን በዚያው ቀን እንደርስላቸዋለን። ከእኔና ከወንድሜ ሌላ 9 ሠራተኛ አለን።

አሁን የመጣው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እዚሁ ከተማ ያለ አንድ ፋብሪካ (ስሙ ይቅር) 5 ቶን የሚያነሳ፣ 12 ሜትር ስፋት ያለው የጣሪያ ክሬን (ጣሪያ ሥር በሐዲድ የሚሄደውን) ትሠሩልናላችሁ ወይ አለን። ቅድሚያ ክፍያ 30 ፐርሰንት። ወንድሜ ዓይኑ በርቷል። የ4 ሜትሩን በ200 አይ ቢም ነው የሠራነው፣ አንድም ቀን ጎብጦ አያውቅም፣ ይሄንን በ300 ብናደርገው ይበቃዋል ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ለዚህ ሥራ ሰው መጨመር አለብን፣ ሼድ መከራየት አለብን፣ ብድርም ሳያስፈልገን አይቀርም። እዚህ ደረጃ የደረሰ ወይም ደርሶ የወደቀ ካለ ይንገረኝ። እድገት ነው ብዬ ገደል እንዳልገባ።

ሸዋበር፦

ግቡበት አቦ! ዕድል በር ሁለቴ አያንኳኳም። ሁሌ ዊንች እየሠራችሁ ልትኖሩ ነው? የእኛ ሰው ችግሩ ፍርሃት ነው። አብሽሩ።

ኪዮት 09፦

ሸዋበር፣ ክሬኑ ሥር የሚቆመው አንተ ብትሆን እንዲህ አትልም ነበር።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የወንድምህን ሒሳብ እናስተካክል። የአግዳሚ ነገር በዓይን አይገመትም። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን አግዳሚው የሚረግበው እጥፍ አይደለም፣ ስምንት እጥፍ ነው። ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሃያ ሰባት እጥፍ። እናንተ ከ4 ሜትር ወደ 12 ነው የምትዘሉት። ጭነቱም ከ2 ወደ 5 ቶን ነው። ሁለቱን አባዛው፤ በዚያው በ200 ቢም ብትሠሩት ወደ 70 እጥፍ ይረግባል ማለት ነው።

ቁጥሩን ልስጥህ። ቢሙ አይ ፒ ኢ 200 (ቁመቱ 200 ሚሊሜትር የሆነው) ከሆነ የ4 ሜትሩ ማንሻችሁ 2 ቶን ሲሰቀልበት መሃሉ ላይ ወደ 7 ሚሊሜትር ነው የሚወርደው። በዓይን አይታይም፣ ለዚህ ነው ወንድምህ አልጎበጠም የሚለው። 12 ሜትሩን በአይ ፒ ኢ 300 ብትሠሩት፣ ጭነቱንና ማንሻውን አንድ ላይ 5.5 ቶን ብለን ብንይዝ፣ መሃሉ ወደ 11 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ያውም ተመልሶ ከተነሳ ነው። መሃሉ ላይ የሚያርፈው ጫና 290 ሜጋፓስካል አካባቢ ይሆናል። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኘው ተራ ብረት ደግሞ 235 ላይ እጁን ይሰጣል። ስለዚህ ረግቦ የሚመለስ ሳይሆን ጎብጦ የሚቀር ክሬን ነው የምትሠሩት።

መርገቡን ብቻ እንኳ ልክ ለማስያዝ፣ 12 ሜትር ላይ ከ20 ሚሊሜትር አይለፍ ብትል፣ አይ ፒ ኢ 500 ድረስ ትሄዳለህ። የአንዱ ክብደት ወደ 1.1 ቶን ነው። ሲንቀሳቀስና ሲቆም የሚፈጥረውን ግፊት፣ የራሱን ክብደት፣ የጎን መወዛወዙን ገና አልቆጠርንም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ከላሜራ በይደው የሳጥን ግርደር (ውስጡ ባዶ ሳጥን የመሰለ አግዳሚ) የሚያደርጉት፣ በትንሽ ብረት ብዙ ጥንካሬ ይገኝበታል። የላሜራ ብየዳ ላይ ጥሩ ከሆናችሁ እሱ ይሻላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። ክሬኑ የሚሄድበት ሐዲድ የሚያርፈው በሼዱ ኮለን ላይ ነው። አብዛኛው የፋብሪካ ሼድ ኮለን ቆርቆሮ ጣሪያ እንዲሸከም የተሠራ ነው፣ 5 ቶን ይዞ የሚሮጥ ክሬን እንዲሸከም አይደለም። ክሬኑ ቢጠነክርም ኮለኑ ካልቻለ የሰው ቤት አፍርሳችሁ ነው የምትወጡት። የሼዱን ንድፍ ሳታዩ ዋጋ አትስጡ።

ጦሳ ሥር፦

ጌታው ምን አስጨነቃችሁ፣ ቻይና ሙሉውን ክሬን ኮንቴይነር ውስጥ ከትቶ ይልክላችሁ የለ። በራሳችሁ ሠርታችሁ ከእነሱ ጋር በዋጋ ልትወዳደሩ ነው? ህልም።

ኪዮት 09፦

ጦሳ ሥር፣ ያልከው ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ላይ ግን ተሳስተሃል። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ ሲለካ 12 ሜትር ከ3 ሳንቲሜትር ነው። የ12 ሜትር ክሬን ግርደር ጫፍና ጫፉ ሲጨመር እዚያ ውስጥ አይገባም። ወይ ሁለት ላይ ተቆርጦ በቡሎን ይገጠማል፣ ወይ ክፍት ማጓጓዣ ይፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ከጅቡቲ በሚሌ በኩል እስከዚህ ድረስ ረጅም ብረት በመኪና ማምጣት አለ፣ ዋጋውን አስበው።

ለዚህ ነው ዓለም ላይ ክሬን ሠሪዎች ሥራውን የሚከፋፈሉት። ማንሻው፣ የጫፍ መኪኖቹ (ጎማ ያላቸው ሁለቱ ጫፎች)፣ ሞተሩና መቆጣጠሪያው በሣጥን ተደርገው ይመጣሉ፣ ክሬን ኪት ይሉታል። ግርደሩን እዚያው አገር ያለ ወርክሾፕ ይበይደዋል። ማንሻ ራሳችሁ ለመሥራት አትሞክሩ፣ ጊርና ፍሬን የሌላ ሰው ሙያ ነው። ግርደሩ ግን የእናንተ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፣ የፖሊ ቴክኒኩ ልጆችም አሉ።

ስለ እድገት ከጠየቅክ ደግሞ ሁሌ የሚገርመኝን የፊንላንዱን ኮኔክሬንስ ልንገርህ። ዛሬ በክሬን ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። መነሻው ግን በፈረንጆች 1910 የተቋቋመው ኮኔ ነው፣ ሲጀምር የኤሌክትሪክ ሞተር የሚጠግን ቤት ነበር። ኮኔ በነሱ ቋንቋ ማሽን ማለት ነው። ክሬን መሥራት የጀመሩት በ1930ዎቹ ነው። የክሬኑ ክፍል ተነጥሎ ራሱን የቻለው በ1994 ነው። ከዚያ በ2017 ሌላውን ክሬን ሠሪ ዴማግን ጠቀለሉት። ዴማግ ማለት እኮ መነሻው 1819 የሆነ፣ ጀርመን ውስጥ ቬተር በምትባል ከተማ አሮጌ ግንብ ፍርስራሽ ላይ ከተጀመረ ወርክሾፕ የመጣ ነው፣ ከኮኔ በዘጠና ዓመት ይበልጣል። ልጁ አባቱን ገዛው እንደማለት።

ነጥቤ ግን የገዛው ማን እንደሆነ አይደለም። እስከ ዛሬ ድረስ ከገቢያቸው ትልቁን ድርሻ ከሚያመጡት ሥራዎች አንዱ ጥገና ነው። የራሳቸውን ብቻ አይደለም፣ ሌላ ድርጅት የሠራውን ክሬንም ይጠግናሉ። በጥገና ጀመሩ፣ ጥገናውን ሳይለቁ አደጉ። እናንተም ደሴ ድረስ ወጥታችሁ በዚያው ቀን ዊንች የምትጠግኑት ያንኑ እያደረጋችሁ ነው፣ ሳታውቁት።

የቦርከና ብየዳ፦

ኪዮት፣ 11 ሳንቲሜትሩን ለወንድሜ ሳሳየው ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይተኸው አታውቅም። እግዜር ይስጥህ።

ጥገና ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የእኛ አገር ሰው ለጥገና አይከፍልም። ተበላሸ ብሎ ይጠራሃል፣ ትሄዳለህ፣ ትሠራለህ፣ ለሻይ የሚሆን ይሰጥሃል። በዚያ ሼድ አይከራዩም።

እህተ ሒሳብ፦

እኔ ብየዳ አላውቅም፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሒሳብ እሠራለሁ። ብረት ቤቶችና ወርክሾፖች ደንበኞቼ ናቸው። ይህን ጽሑፍ ሳነብ አንድ የማውቀው ሰው ታወሰኝ።

እንደ እናንተው በዊንችና በማንሻ ያደገ ሰው ነው። በ2016 ክረምት ትልቅ ትዕዛዝ አገኘ፣ ዋጋ በብር ሰጠ፣ ተፈራረመ። ማንሻውን ከውጭ ነበር የሚያስመጣው። ሐምሌ 22 ቀን ዶላር በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለ። 57 ብር የነበረው በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዋጋው ግን ውል ላይ የተጻፈው ነው። ደንበኛው ውል ውል ነው አለ። ሰውዬው የራሱን ቤት በመያዣ አስይዞ ነው ያስረከበው። ሥራውን ቆንጆ አድርጎ ሠርቶታል፣ ግን ከዚያ ወዲያ ማንሻ ሠርቶ አያውቅም፣ አሁን ቆርቆሮ ይሸጣል። ሙያው አልነበረም የጣለው፣ አንድ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እድገት ሲባል ብዙ ሰው ማሽንና ሼድ ነው የሚታየው። እኔ የሚታየኝ ግን ብሩ የሚወጣበትና የሚመለስበት ቀን ነው። 30 ፐርሰንት ሰጡህ፤ ላሜራው፣ ቢሙና ኪቱ ከ30 በላይ ይፈጃል። የቀረውን ማን ይሸከማል? አንተ ነህ። ሲያልቅ ተሞክሮ ነው የሚከፈልህ ይላሉ፣ ከዚያ ደግሞ ለዋስትና የሚያዝ ይኖራል። ሦስት ወር የሠራተኛ ደመወዝ ከኪስህ ልትከፍል ነው። ስለዚህ ኪቱን ራሳቸው ይግዙት። አዎ፣ ራሳቸው። በስማቸው ይምጣ፣ አንተ ግርደሩን፣ ገጠማውንና ሙከራውን ብቻ አስከፍል። ትርፍህ ይቀንሳል፣ የዶላሩ ጣጣ ግን የነሱ ይሆናል። እምቢ ካሉ ቢያንስ የውጭ ዕቃው ዋጋ በሚመጣበት ቀን ምንዛሪ ይታሰብ የሚል አንቀጽ አስገባ።

ብድሩንም በተመለከተ፣ ለማሽን ከሆነ ወደ መደበኛ ባንክ ቤትህን ይዘህ ከመሄድህ በፊት የሊዝ ፋይናንሱን ጠይቅ። ልማት ባንክም ይሠራል፣ ዋልያ ካፒታልም አለ። ማሽኑ ራሱ መያዣ ይሆናል፣ ከፍለህ ስትጨርስ የአንተ ነው። ለሥራ ማስኬጃ ግን አይሆንህም፣ ለማሽን ብቻ ነው። ብዙ ሰው እሱን ሳያውቅ ሄዶ ይመለሳል።

ጋሽ ኩሽኔታ፦

ልጆቼ፣ ስልክ ላይ መጻፍ ያዳግተኛል፣ የልጄ ልጅ እየጻፈችልኝ ነው። ስህተት ካለ የእሷ ነው።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ክሬን ጠግኛለሁ። አሁን ጡረታ ነኝ። ልጁ ለጥገና አይከፍሉም ያለው እውነት ነው፣ ግን ለምን እንደማይከፍሉ አላወቀም። ሲበላሽ ከጠሩህ አይከፍሉህም። ሳይበላሽ ከሄድክ ግን ይከፍሉሃል። እንዴት ካላችሁ፣ ሲበላሽ ሥራ አስኪያጁ ተናዷል፣ ምርት ቆሟል፣ አንተን የሚያየው እንደ ቁስሉ ነው። ሳይበላሽ በየሦስት ወሩ መጥቼ አያለሁ፣ ወረቀት እሰጣለሁ ብለህ በዓመት ከተዋዋልክ ግን ያ በበጀቱ የገባ ነገር ነው።

ምን ታያለህ ካልከኝ፣ ሁሌ መጀመሪያ የማየው ሊሚት ስዊቹን ነው። መንጠቆው ከላይ ሲደርስ ሞተሩን የሚያቆመው ማለቴ ነው። አሥር ክሬን ብታይ ሦስቱ ላይ ሊሚቱ በሽቦ ታስሯል። ኦፕሬተሩ ቶሎ ይቆማል ብሎ ይጠላዋል። አንድ ቀን መንጠቆው ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ ድረስ ይወጣና የብረት ገመዱን ይበጥሰዋል። ሁለተኛ ፍሬኑን። ጭነት ይዞ ሲቆም ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ይንሸራተታል ወይ? ፍሬኑ አልቋል። ሦስተኛ መንጠቆውን። አፉ ከተከፈተ ወይም የሚያርፍበት ቦታ ከአሥር አንድ ከተበላ ይጣላል። ይጣላል ነው ያልኩት፣ አይበየድም። መንጠቆ የሚበይድ ሰው ካያችሁ ሽሹ። ሰንሰለትም እንደዚያው፣ ከዕቃ መደብር በሜትር የሚሸጠውን ሰንሰለት ለማንሻ የሚያደርጉ አሉ፣ ያ የከብት ማሰሪያ ነው። የማንሻ ሰንሰለት ላይ ቀለበቱ ላይ 8 ወይም 80 ተብሎ ተቀርጿል። ልጁ፣ እናንተ ዊንች ላይ የምታስሩት የትኛው ነው?

ሌላው፣ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ከዚህ ከተማ ምን እንደወጣ ታውቃላችሁ። ብዙ ቦታ ክሬኑን ማውረድ አልቻሉም፣ ግን ኬብሉን ቆርጠው፣ ሞተሩን ፈተው ወስደዋል። ግርደሩ እላይ ቀርቶ አቧራ ለብሶ የተንጠለጠለ ክሬን አውቃለሁ፣ ከአንድም ሁለት ቦታ። ብረቱ ደህና ነው። ሞተርና ኬብል፣ ኮንታክተርና መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። እሱን ከሞት ማስነሳት አዲስ ከመሥራት በብዙ ይቀላል። ኃላፊነቱም ይቀላል፣ ግርደሩ ዓመታት የሠራ ነውና። ግን ስንጥቅ እንዳለው ብየዳው ላይ ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀይ ቀለም ረጭታችሁ ሳታዩ አትንኩት።

የቦርከና ብየዳ፦

ጋሼ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት። ለዊንቹ የምንጠቀመው የብረት ገመድ ነው፣ ሰንሰለት አይደለም። ቼን ብሎኮቹን ከነሰንሰለታቸው ነው የምንገዛው። አሁን ግን ነገ ሄጄ ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን አያለሁ። እውነት ለመናገር አይቼው አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ክሬኑን አስነስተን ብንጨርስ፣ 5 ቶን ያነሳል ብለን በምን እናረጋግጣለን? ዊንቹን እስካሁን የምንሞክረው በቀጥታ ብሎኬት እየጫንን ነው።

ጋሽ ኩሽኔታ፦

ዝም ብሎ በመጫን አይደለም። ክሬን ሁለት ጊዜ ይፈተናል። መጀመሪያ ቆሞ፣ ከተጻፈበት 125 ፐርሰንት፣ የእናንተው 6 ቶን ከ250 ኪሎ ማለት ነው። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ግርደሩ መሃል ላይ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል፣ ሲወርድለት ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነ ይታያል። ካልተመለሰ አትረከቡት። ቀጥሎ በ110 ፐርሰንት፣ 5 ቶን ተኩል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ክብደቱን ከየት ታመጣለህ ካልከኝ፣ በሚዛን የተለካ ፌሮ ጥቅል። እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ፌሮ ነጋዴውን ለምነን፣ ለሁለት ሰዓት ተውሰን።

ስትፈትኑ ደግሞ ሥሩ ሰው አይኑር። ይሄን ለመጻፍ ያፍራል ሰው፣ ግን አይቻለሁ።

ኪዮት 09፦

ጋሼ የሚሉትን ሁሉ ማንም አይጨምርበትም። እኔ አንድ ነገር ብቻ፣ ወረቀቱን አደራ። ማን ፈተነው፣ በስንት፣ ስንት ሚሊሜትር ወረደ፣ ቀኑ፣ ፊርማ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) መሠረት ለሠራተኛው ደህንነት የሚጠየቀው አሠሪው ነው፣ ግን አደጋ ሲደርስ ሁሉም የሚያሳየው የሠሪውን ስም ነው። ወደ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትም ደውላችሁ ጠይቁ፣ የሌላ ሰው ዓይን ካየው ደንበኛውም ይተማመንባችኋል። ይህን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሌላው ፋብሪካ ስትሄዱ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

እና ኢንዱስትሪ ፓርኩን አትርሱት፣ ከ2009 ጀምሮ እዚያው አጠገባችሁ ነው። የልብስ ስፌት ስለሆነ ባለ 5 ቶን ክሬን አይፈልግም ብላችሁ አትተዉት። የእጅ ፓሌት ጃክ ሞልቶታል፣ ጎማው ያልቃል፣ የሃይድሮሊኩ ማኅተም ጎሚኒ ይፈሳል። ትንሽ ሥራ ነው፣ ግን በየወሩ ነው።

ሸዋበር፦

እሺ እኔ ግቡበት ያልኩት በስሜት ነው 😅 አሁን ግን ሊሚት ስዊች የሚለውን ቃል ተማርኩ።

የቦርከና ብየዳ፦

ወገኖቼ፣ ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ብዙ ተጨቃጨቅን፣ እናታችን ራሷ ገብታ ነው ያስታረቀችን። ለፋብሪካው የምንለው ይሄ ነው፦ ኪቱን እናንተ አምጡ፣ ግርደሩን እኛ፣ ግን መጀመሪያ የሼዱን ንድፍ አምጡና መሐንዲስ ይየው። ኮለኑ አይችልም ከተባለ ሥራው ይቅር። እምቢ ካሉም ይቅር።

ወንድሜ አሁንም ቅር ብሎታል። የመጀመሪያውን ክሬን የእኛ ስም ተለጥፎበት ማየት ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ፣ አልዋሽም።

አሁን ግን ያንን አቧራ የለበሰውን ክሬን ማየት ፈልገናል። ጋሼ፣ ያሉበትን ሰፈር አላውቅም፣ ቅዳሜ ይመችዎታል? እኛው መጥተን እንወስድዎታለን፣ መኪና አለን። ቼን ብሎኩን ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ ከስድስቱ አምስቱ ላይ 80 ተጽፎበታል። ስድስተኛው ላይ ምንም የለም። አውርጄዋለሁ።

ጋሽ ኩሽኔታ፦

ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ። ስድስተኛውን ይዘኸው ና፣ ልየው።